ለድልድዩ የተላኩ ሽማግሌዎች

ፌርፋክስ፣ ሎስ አንጀለስ
ኦክቶበር 14 ቀን 2013

ለውድ ልጄ ለሠናይት፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ከእንግዲህ ይሻለዋል ብዬ አልጠብቅም። ከአንቺ ዘንድ ስመለስ በሰላም ገባህ ወይ ላልሽኝ፣ በሰላም ገብቻለሁ። መንገድ ላይ ሁለት ቦታ አረፍኩ፣ አንዱ ቦታ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ሌላ ምንም አላጋጠመኝም።

ይልቅ ድልድዩን ስንሻገር ለምን ዝም አልክ ብለሽ ጠይቀሽኛል። በልጄ ኮርቼ ነው ብልሽ ደስ ይልሽ ነበር፤ ኮርቻለሁም። ግን ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው። ያ ግንድ የጫነ ከባድ መኪና ከፊት ለፊታችን ሲመጣ መንገዱ ከሥራችን ተንቀጠቀጠ። አንቺ ጨው ብረቱን እንዴት እንደበላው፣ ሲሚንቶው እንዴት እንደሚፈረፈር በእጅሽ እያሳየሽ ታስረጂኝ ነበር። እኔ ከዚያ ሁሉ ማብራሪያ የያዝኩት እጅሽ መሪው ላይ አለመሆኑን ብቻ ነው። ዕድሜዬን በዚህ ከተማ ታክሲ ስነዳ ስንት ነገር አይቻለሁ፣ እንደዚያ ግን ፈርቼ አላውቅም።

የገባኝን ልንገርሽና ከተሳሳትኩ አርሚኝ። መሥሪያ ቤትሽ ያንን አሮጌ ድልድይ አፍርሶ አዲስ ሊሠራ ከሌሎች መሐንዲሶች ጋር ሄሮን ቤይ ልኮሻል። የአገሬው ሰዎች ደግሞ ሥራው ወፎቹንና ዓሣዎቹን ይጎዳል ብለው ከሰው በፍርድ ቤት አሳግደውታል። ስለዚህ አዲሱ አይጀመርም፣ አሮጌውም አይዘጋም። አንቺም ቤትሽ ከወዲያ ማዶ፣ ቢሮሽ ከወዲህ ማዶ ስለሆነ ጠዋትና ማታ በዚያ በሚንቀጠቀጥ ነገር ላይ ትመላለሻለሽ። ልክ ነኝ? ልክ ከሆንኩ በተራራው በኩል ዞረሽ ብትሄጂ ምናለበት?

ያቺ ዋና ከሳሽ ያልሽኝ፣ ሰማያዊ ቤቷን ያሳየሽኝ ሴትዮስ ምን ዓይነት ሰው ናት? ሰው እንዴት ከሰው ልጅ ወፍ ያስበልጣል? ይህንንም ጻፊልኝ።

እትዬ ዘቢደር ሰላም ብላሻለች። ሱቋ ውስጥ ሒሳብ ተቀባይ ካደረገችኝ ወዲህ ዋና ሥራዬ የእሷን ወሬ መቀበል ሆኗል። ስልክሽ እዚያ ገደል ሥር እንደማይሠራ ነግሬያታለሁ። ቢሠራም ደብዳቤውን አልተውም፤ ኮሌጅ ከገባሽ ጀምሮ አማርኛሽን ያቆየልን በወረቀት መነታረካችን ነው።

አባትሽ ተክለብርሃን


ሄሮን ቤይ
ኖቬምበር 3 ቀን 2013

አባዬ፣

ደብዳቤህ ሰኞ ደረሰኝ። እጄን መሪ ላይ ስለማድረግ የጻፍከውን ሁለቴ አንብቤያለሁ፣ ኦኬ፣ ገብቶኛል።

የገባህ ሁሉ ልክ ነው። ነገ ይወድቃል ወይ ብለህ በቀጥታ አልጠየቅከኝም፤ ግን ደብዳቤው በሙሉ እሱን ነው የሚጠይቀው። ነገ አይወድቅም። ነገ የሚወድቅ ቢሆን እኔ ራሴ መኪናዬን መሃል መንገድ ላይ አቁሜ እዘጋው ነበር። ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ቢመጣ ግን ይቆማል ብዬ አልፈርምም። አዎ፣ እኔም አንዳንድ ጠዋት የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ከፊቴ ሲሆን ትንፋሼን ይዤ ነው የምሻገረው። የተራራው መንገድ ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ይናዳል፣ ስለዚህ በእሱ አትምጣብኝ።

ሴትዮዋ ማርጋሬት ትባላለች። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፣ ባሏ ሞቷል፣ ብቻዋን ነው የምትኖረው። በድልድዩ ሆድ ሥር ጥቁር የባሕር ወፎች በየዓመቱ ጎጆ ይሠራሉ። እሷ ከወጣትነቷ ጀምሮ ትከታተላቸዋለች። አዲሱን ምሰሶ በትልቅ መዶሻ እየመታን ወደ ባሕሩ ወለል ስናስገባ ድምፁ ውሃው ውስጥ ዓሣ ይገድላል፣ ወፎቹንም ከጎጆአቸው ያባርራል። ይህን እሷ ብቻ ሳትሆን እኛም እናውቃለን። ጥናታችን ግን በሁለት አንቀጽ ነው ያለፈው። የሕዝብ ስብሰባ ላይ ተነስታ ስለዚህ ጠየቀችኝ። አለቃዬ ዝም በይ የሚል ዓይን አሳየኝ። እኔ "ልክ ነሽ፣ በቂ አልተጠናም" አልኩ። ያን ቀን ምሳ ብቻዬን በላሁ።

ሶ፣ ጠላት አታድርጋት። ክሷ ግማሹ ልክ ነው። ችግሩ ጠበቃዋ ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀመር ማለቱ ነው። ያ ዓመታት ይወስዳል፣ አሮጌው ደግሞ ያን ያህል አይጠብቅም።

አንድ ነገር ልንገርህ። ይህን ድልድይ መሥራት እፈልጋለሁ። አብረውኝ የተመረቁት ልጆች የፓርኪንግ ሕንፃ ነው የሚሠሩት። እኔ ግን ሰው ከዚህ ማዶ ወደዚያ ማዶ ሳይፈራ የሚሄድበትን ነገር የመሥራት ዕድል አግኝቻለሁ፣ እንዲያመልጠኝ አልፈልግም። ሰው ሲጠይቅህ ይህን ንገርልኝ።

ሠናይት


ፌርፋክስ፣ ሎስ አንጀለስ
ዲሴምበር 8 ቀን 2013

ልጄ ሠናይት፣

መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታሽን። ሰሞኑን እዚህ ብርድ ገብቷል፤ ያው የሎስ አንጀለስ ብርድ ነው፣ እንዳትስቂ።

ነገርሽን ለይልቃልና ለጋሼ መኩሪያ አጫወትኳቸው። ይልቃል ዛሬም ኤርፖርት መስመር ላይ ታክሲውን ይነዳል። ጋሼ መኩሪያን ታውቂያቸዋለሽ፤ በዚህ ከተማ እሳቸው ሳያስታርቁት የቀረ ባልና ሚስት ካለ ከነጭራሹ ያልተጋባ ነው። ከሳሽዋ ግማሽ ልክ፣ ልጄም ግማሽ ልክ ስላቸው ጋሼ መኩሪያ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉና "እንዲህ ያለውን ነገር ማን ለዳኛ ሰጠው?" አሉ። ይልቃልም በዚህ ተስማማ።

ለመሆኑ ወይዘሮዋ ልጆች አላቸው? የሚሰሙት ሰው፣ ቄስ ወይም ታላቅ ወንድም ይኖራቸዋል? ለምን ትጠይቃለህ አትበይኝ፣ እንዲሁ ለማወቅ ነው።

የሚመጣው ቅዳሜ ሱቅ አልገባም። ብትደውይ እትዬ ዘቢደር ራሱን አሞት ተኝቷል ትልሻለች። አትመኛት፣ ራሴን አላመመኝም።

አባትሽ


ሄሮን ቤይ
ዲሴምበር 30 ቀን 2013

አባዬ፣

ዛሬ የመሥሪያ ቤታችን ጠበቃ ቢሮዋ ጠራችኝ። ጠረጴዛዋ ላይ የማርጋሬት ጠበቃ ለፍርድ ቤት ያስገባው ማመልከቻ ነበር። አንድ ገጽ አዙራ ሰጠችኝና አንብቢ አለችኝ። እንዲህ ይላል፤ ሦስት በዕድሜ የገፉ ወንዶች ነጭ ልብስ ተከናንበው፣ አንደኛው ዱላ ይዞ፣ ወደ ከሳሽ መኖሪያ ቤት ገብተው ክሷን እንድትተው ጠየቋት። ተቀመጡ ስትላቸው አንቀመጥም አሉ። ሻይ ስታቀርብላቸው አንጠጣም አሉ። ውጡልኝ ስትል ከአጥሩ ውጭ ቆመው ቀሩ። ከሳሽ ለሕይወቷ ፈርታለች። የላካቸው መንግሥት መሆኑን ፍርድ ቤቱ ያጣራልን።

"አንደኛው የአንቺ አባት ነኝ ብሏል። እነዚህን ሰዎች ታውቂያቸዋለሽ?" አለችኝ። ዱላው የጋሼ መኩሪያ ከዘራ እንደሆነ ወዲያው ነው የገባኝ። "ቤቱን ማን አሳያቸው?" አለችኝ። እኔ ነኝ አልኩ።

አባዬ፣ ምን አደረግህ? የሆነውን ሁሉ ጻፍልኝ፤ እንዳትቀንስ፣ እንዳታሳምርም። እባክህ፣ እባክህ ተመልሳችሁ እንዳትሄዱ።

ሠናይት


ፌርፋክስ፣ ሎስ አንጀለስ
ጃንዋሪ 5 ቀን 2014

ልጄ ሠናይት፣

ዱላ ይላል? ጋሼ መኩሪያ ይህን ቢሰሙ ሁለተኛ ከዘራ አይዙም። አልነገርኳቸውም፣ አንቺም አትንገሪያቸው።

እንደጠየቅሽኝ ሳልቀንስ እጽፋለሁ። ሐሳቡ የእኔ ነው። ይልቃል "ፕሮብሌም የለም፣ ሳተርዴይ ኦፍ ነኝ፣ እኔ ድራይቭ አደርጋለሁ" አለ። ጋሼ መኩሪያ ጋቢያቸውን፣ እኛ ነጠላችንን ለብሰን ሄድን። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ሦስታችንም ጸለይን። ይልቃል መሪ ይዞ ስለነበር ዓይኑን ገልጦ ጸለየ።

ወይዘሮ ማርጋሬት ራሳቸው በሩን ከፈቱልን። ቀጭን፣ ፀጉራቸው ነጭ፣ የባላቸው የነበረ የሚመስል ሰፊ ሹራብ የለበሱ ሰው ናቸው። የሠናይት አባት ነኝ ስላቸው ፊታቸው በራ፤ "ያቺ እውነት የምትናገረዋ ልጅ!" አሉኝ። እኔ ነገሩ እዚያው በሩ ላይ ያለቀ መሰለኝ። ግቡ አሉን፣ ገባን። ተቀመጡ አሉን።

እንዴት ብለን እንቀመጥ? ሽማግሌ የመጣበትን ጉዳይ ቃል ሳይቀበል ከተቀመጠና ያቀረቡለትን ከቀመሰ ለጨዋታ መጣ እንጂ ለእርቅ አልመጣም። ጋሼ መኩሪያ እንደቆሙ ቤቱን በአማርኛ መረቁ፣ እኔ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። ከዚያ እንዲህ አልኳቸው፤ "እኛን መንግሥት አልላከንም፣ ሕጉንም አናውቅም። ልጄ በዚህ ድልድይ ላይ ጠዋት ማታ ትመላለሳለች። እሷም እርስዎም ግማሽ ግማሽ ልክ ናችሁ። ስለ እግዚአብሔር ብለው ክሱን ይተዉልን። ወፎችዎን እንደምትጠብቅ ደግሞ ሦስታችን ዋስ እንሆናለን።"

"እኔም እኮ በእሱ ነው የምመላለሰው" አሉኝ። "እኔም እፈራዋለሁ። ግን አሁን ካልከሰስኳቸው መቼም አይሰሙኝም።" ሻይ ይዘው መጡና እንደገና ተቀመጡ አሉ። ቃል ካልሰጡን አንቀመጥም አልን። በዚህ ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ፤ እኔ ልባቸው የራራ መሰለኝ። ስልክ አንስተው ወደ ጓዳ ገቡ። ይልቃል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ዘመድ እያማከሩ ነው" አለኝ፣ ደስ አለን። ተመልሰው መጥተው እባካችሁ ውጡልኝ አሉ። ይህም አላስከፋንም፤ ለመጀመሪያ ቀን ሽማግሌ እሺ የሚል ቤት አይተን አናውቅም። ወጥተን የዘመዶቻቸውን መልስ ከአጥሩ ውጭ ቆመን ጠበቅን። የመጣው ግን የአገሬው ፖሊስ፣ ሸሪፉ ነው።

ሸሪፉ ጨዋ ልጅ ነው። ጋሼ መኩሪያን ደግፎ የይልቃል መኪና ውስጥ አስገባቸው፣ እሳቸውም መረቁት። ጥምቀት ሲያልፍ ለሁለተኛ ጊዜ ልንሄድ ተቃጥረን ነበር። እንግዲህ ቀርቷል፣ ቃሌ ነው።

ያልነገርኩሽ እንደምትከለክይኝ ስለማውቅ ነው። ሥራሽ ላይ ያመጣብሽ ነገር አለ? ስለ እሱ አንድ ቃል አልጻፍሽልኝም።

አባትሽ


ሳክራሜንቶ
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2014

አባዬ፣

ከአድራሻው እንደምታየው ሄሮን ቤይ አይደለሁም። ይኸው ወር አለፈኝ። እዚያ የላክሃቸው ደብዳቤዎች ተጠራቅመው ትናንት ደረሱኝ። በእያንዳንዳቸው ላይ "ሥራሽ ላይ ያመጣብሽ ነገር አለ?" ብለህ ጠይቀሃል። አዎ፣ አለ። ከድልድዩ አንስተውኛል።

ማንም አልጮኸብኝም። አለቃዬ "ይህ ቅጣት አይደለም" አለኝ፤ ቅጣት ያልሆነን ነገር ደግሞ ማንም እንዲህ ብሎ አይናገርም። እዚህ ሌላ ሰው የነደፈውን የአውራ ጎዳና አጥር እያየሁ ስህተት እለቅማለሁ። ወንበሬ አጠገብ መስኮት የለም።

ተናድጃለሁ አባዬ። አንተ ላይ ነው የተናደድኩት። ሥራዬ ነበር፣ አልጠየቅከኝም። ሰዎች ሲጣሉ ወደ አንተ ይሮጣሉ፣ ይወዱሃል፣ እኔም እወድሃለሁ። ማርጋሬት ግን የተጣላች ሚስት አይደለችም፤ እምቢ ስትል እምቢ ማለቷ ነው፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ቀን የለውም። ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። የማታውቃቸው ሦስት ወንዶች ሳሎኗ መሃል ቆመው እሺ ካላልሽን አንቀመጥም ሲሏት ምን ታስብ? እኔም ብሆን ሸሪፍ እጠራ ነበር።

ክፉ እንዳላሰብክ አውቃለሁ። እሱን ስለማውቅ ነው የባሰብኝ፤ ክፉ ብታስብ ኖሮ መናደዱ ይቀልለኝ ነበር።

ለጊዜው አልጽፍም። ደህና መሆኔን ሱቅ እየደወልኩ ለእትዬ ዘቢደር እነግራለሁ። ለምስክርነት ሲጠሩህ እውነቱን ተናገር፣ ሌላ ምንም አትጨምር።

ሠናይት


ፌርፋክስ፣ ሎስ አንጀለስ
ማርች 23 ቀን 2014

ልጄ፣

አልጽፍም አልሽ እንጂ አላነብም አላልሽም ብዬ ነው ይህን የምልክልሽ። እትዬ ዘቢደር "ደውላለች፣ ደህና ናት" ትለኛለች። ድምፅሽ እንዴት እንደነበረ ስጠይቃት "የሰው ድምፅ ነው እንጂ፣ ምን ሊሆን ኖሯል?" ብላ ደንበኛ ታስተናግዳለች።

ምስክርነቱን ባለፈው ማክሰኞ ሰጥቻለሁ። ይልቃል ካልነዳሁ አለ፣ ጋሼ መኩሪያም ከኋላ ገቡ፤ እሳቸውን አልጠሯቸውም ነበር፣ እንዲሁ ነው የመጡት። ዳኛው ለምን አልተቀመጣችሁም ብለው ራሳቸው ጠየቁኝ። በአገራችን ሽማግሌ ሊለምን ሲሄድ ቆሞ እንደሚለምን፣ መቆሙ ራስን ዝቅ ማድረግ እንጂ ማስፈራራት እንዳልሆነ፣ ከአጥር ውጭ መጠበቁም አክብሮት እንደሆነ ተናገርኩ። ወይዘሮ ማርጋሬት ከፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር። እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፣ እስክጨርስም አላነሱትም። ስወጣ ኮሪደሩ ላይ አየኋቸው። መነጋገር ተከልክሏል፤ እኔ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ፣ እሳቸውም ግራ ተጋብተው ጎንበስ አሉ። ያስፈራኋቸው እኔ ነኝና አንድ ቃል ይቅርታ ለማለት እንኳ አልተፈቀደልኝም። ይህ ከንክኖኛል።

አሁን ስለ አንቺ ልናገር። ከኦክቶበር ጀምሮ ጊዮርጊስን የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጄን ከዚያ ድልድይ ላይ አውርድልኝ ብዬ ነው። አወረደልኝ። እንዲህ አድርጎ ነው ብዬ ግን አልጠረጠርኩም። ድልድዩ ላይ እንደሌለሽ ስለማውቅ ሰሞኑን እንቅልፍ ይወስደኛል። ተኝቼ ማደሬ ያሳፍረኛል።

በድያለሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሽማግሌ ልልክብሽም አስቤ ነበር፣ ተውኩት።

አባትሽ


ሳክራሜንቶ
ሜይ 18 ቀን 2014

አባዬ፣

ዝምታዬ ረዘመ፣ አንተም ይቅር በለኝ። የማርቹ ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ ያለውን አንብቤ ቢሮ ውስጥ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ከሳቅሁ በኋላ መናደዱ እንደ በፊቱ አልሆን አለኝ። ምስክርነትህ በጽሑፍ ወጥቶ ነበር፤ እሱንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። አብራኝ የምትሠራው ልጅ አንብባ "አባትሽን አውሺኝ" አለችኝ።

አሁን ወሬ አለኝ። ማርጋሬት ስለ እናንተ ያመለከተችውን ራሷ አነሳች። ጠበቃዋ ለምኗት ነበር አሉ፣ አልሰማችውም። ከዚያ ዳኛው ሁለቱንም ወገን ወደ አስታራቂ ላኩ። አስታራቂ አባዬ! ክራቫት ያሰረ፣ የሚከፈለው፣ ተቀምጦ የሚያስታርቅ። ባለፈው ሳምንት ተስማሙ። ድልድዩ ሊሠራ ነው!

ስምምነቱን ልንገርህ። ወፎቹ ጎጆ በሚሠሩበት ወራት ድልድዩ አጠገብ ምንም ከባድ ሥራ አይሠራም። ምሰሶውን በመዶሻ መምታት ቀርቶ የባሕሩን ወለል በመሰርሰሪያ እየቦረቦርን ብረቱን እናወርዳለን፣ ከዚያ ኮንክሪቱን እንሞላለን። ዘገምተኛ ነው፣ ግን ድምፁ በጣም ያንሳል። መዶሻውን መጠቀም ግድ በሚሆንበት ቦታ ምሰሶውን ዙሪያውን ከሥር በአየር አረፋ እንከብበዋለን፤ አረፋው ድምፁን ይሰብረዋል፣ ዓሣዎቹ ጋ ሲደርስ ደክሞ ነው የሚደርሰው። ይህን የአረፋ ነገር አምና እኔ ሐሳብ አቅርቤው ውድ ነው ተብሎ የተጣለ ነበር። አሁን ስምምነቱ ውስጥ በሙሉ ቃሌ ገብቷል። አዲሱ ድልድይ ሆድ ሥር ደግሞ ለወፎቹ መደርደሪያ የሚመስል ጠርዝ እንሠራላቸዋለን። ስፋቱ ስንት ይሁን፣ ወደ ውስጥ ምን ያህል ይግባ የሚለውን ከማርጋሬት ጋር መማከር አለብን፣ ምክንያቱም ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም። አሮጌው ላይ ከባድ መኪና እስከዚያው ይከለከላል፣ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስም ልጆቹን አውርዶ ባዶውን ይሻገራል፣ ልጆቹ በእግራቸው ይከተላሉ። ማርጋሬት ልጆቹን ለማሻገር ተመዝግባለች አሉኝ። የምሰሶዎቹንም ቦታ ትንሽ ወደ ሰሜን አንቀሳቅሰናል፤ እዚያ ድንጋዩ ጠንካራ ነው፣ የባሕሩ ሣርም አይነካም። ወረቀት ላይ እየሣልኩ ልልክልህ ነበር፣ ሥዕሉ ከፖስታው ስለበለጠ ተውኩት።

እንድመለስ ጠይቀውኛል፣ ማርጋሬትም አልተቃወመችም። አዲሱ እስኪያልቅ በአሮጌው መመላለስ አለ፣ ሦስት ዓመት ይሆናል።

ካልፈለግሽ ሎስ አንጀለስ ቢሮ ቋሚ ቦታ አለ ብለውኛል።

እስከ ጁን አጋማሽ መልስ ይፈልጋሉ። አንተ ቅር ካለህ አልሄድም። ይህን የምልህ ከልቤ ነው፣ ጻፍልኝ።

ሠናይት


ፌርፋክስ፣ ሎስ አንጀለስ
ሜይ 27 ቀን 2014

ልጄ ሠናይት፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ተደስቻለሁ። ጉልበቴ ደህና ነው። ስለ ሌላው እጽፍልሻለሁ፣ ትንሽ ታገሺኝ።

አባትሽ


ፌርፋክስ፣ ሎስ አንጀለስ
ጁን 4 ቀን 2014

ልጄ ሠናይት፣

ስላስጠበቅሁሽ ይቅርታ። የቆየሁት ጻፍኩ ቀደድኩ እያልኩ ነው፤ ምክንያቱን ልንገርሽ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሱቅ ውስጥ ነበር። ሎስ አንጀለስ የሚለውን ቃል ሳይ ሌላውን ማንበብ ተውኩ። ልጄ ልትመጣ ነው አልኩ። እትዬ ዘቢደር እልልታዋን ስታቀልጠው በርበሬ የሚገዛው ሰው ሁሉ ማን አገባ አለ። ይልቃል የዚያኑ ዕለት ክሬንሾው ሰፈር ሄዶ ፍራሽ በመኪናው ጣሪያ ላይ አስሮ መጣ፤ አሁን ክፍልሽ ውስጥ ላስቲኩ ሳይገፈፍ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። እኔም ነይ የሚል ደብዳቤ ጻፍኩ፣ አሸግሁ፣ ቴምብር ለጠፍኩ። በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን አብረን ስንሄድ፣ ፌርፋክስ ላይ ፓርኪንግ ፍለጋ አራት ጊዜ ስትዞሪና ስትናደጂ ሁሉ ታየኝ።

ከዚያ እስከ መቼ ነበር መልስ የሚፈልጉት ብዬ ቀኑን ለማየት ደብዳቤሽን እንደገና አወጣሁ። በዚያው ከመጀመሪያው አነበብኩት። ስለ መሰርሰሪያው፣ ስለ አረፋው፣ ስለ ወፎቹ ጠርዝ ገጹን ሞልተሽ ወደ ጀርባው አዙረሻል። ስለ ሎስ አንጀለስ የጻፍሽው አንድ መስመር ነው።

ሌላም ያልነገርኩሽ አለ። ፍርድ ቤት የወይዘሮ ማርጋሬት ጠበቃ "ልጅዎ እዚያ ሥራዋ ምን ነበር?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር። "ትሻገራለች" አልኩት። ሰዉ ሳቀ። እኔ ቀልዴን አልነበረም፣ ሌላ መልስ ፈልጌ አጣሁ። ያን ሁሉ ወር ደብዳቤ ስንጻጻፍ እኔ አንቺ ድልድዩ ላይ መሆንሽን ብቻ ነው ያየሁት፣ ምን እንደምትሠሪበት አልጠየቅኩሽም። ምስክርነቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብበሻል። ይህንንም አይተሽዋል ማለት ነው፤ ግን አንድ ቃል አላነሳሽብኝም። ይልቁንም ቁጭ ብለሽ አረፋው ድምፅ እንዴት እንደሚሰብር ጻፍሽልኝ። አንብቤ ሳበቃ አለቀስኩ።

አሁን ስለ አረፋው እኔ ለጋሼ መኩሪያ አስረዳኋቸው፣ እሳቸውም ለይልቃል አስረዱት። ይልቃል ኤርፖርት ለሚጭነው ሰው ሁሉ እየተናገረ ነው፤ ትንሽ አጋንኖታል።

ሂጂ ልጄ። ፍራሹን ይልቃል ጭኖ ያመጣልሻል፣ የሄሮን ቤይ አልጋሽ ደህና እንዳልሆነ አይቻለሁ። ቅር ካለህ አልሄድም ብለሽኛል። ቅር ይለኛል፣ አልዋሽሽም። ያ ድልድይ እስኪፈርስ ድረስ በየጠዋቱ ቅር ይለኛል። አንቺ ግን እሱን አትጠብቂ። መፍራቱን ለእኔ ተይልኝ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ። አንቺ ሥሪው።

አባትሽ ተክለብርሃን